የማስታገሻ ክብካቤ እንደ ነርስ ሙያ፦ ዕውቀቱ፣ መንገዱና ፈተናው

መግቢያ

አንዲት የ48 ዓመት እናት የጡት ካንሰራቸው ወደ ወገብ አጥንታቸው ተዛምቶ ከሆስፒታል ተሰናብተዋል እንበል። የተሰጣቸው መድኃኒት ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ለቤተሰቡ በቃል የተነገረው ደግሞ «ከእንግዲህ የምናደርግላቸው ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ አስታሟቸው» የሚል ነው። እኒህ እናት ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። ከጡታቸው ቁስል የሚወጣው ሽታ ስላሳፈራቸው ጎረቤት ለቡና ሲጠራቸው አይሄዱም፤ እርሳቸውም ቡና ማፍላት ትተዋል። ትልቁ ልጃቸው ሥራውን ትቶ ከአጠገባቸው ቢቀመጥም የሚያደርገው ጠፍቶበታል። ይህ ተለይቶ የሚታወቅ የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን የጤና ባለሙያዎች በየጊዜው ከሚያጋጥሟቸው ሁኔታዎች የተውጣጣ ምሳሌ ነው።

«የምናደርግላቸው ነገር የለም» የሚለው አነጋገር ከሕክምና ሳይንስ አንጻር ሲመዘን ስሕተት ነው። እውነቱ በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ ሕክምና አለመኖሩ ብቻ ነው። ሕመሙን ማስታገሥ፣ ሽታውን ማጥፋት፣ ማቅለሽለሹንና የሆድ ድርቀቱን መከላከል፣ ልጁን ማሠልጠን፣ የሚመጣውንም ቀን አብሮ መዘጋጀት ግን ይቻላል። ይህንን ሁሉ የሚያጠቃልለው የሙያ ዘርፍ የማስታገሻ ክብካቤ ይባላል። ሆስፒስ የሚባለው ደግሞ ይኸው ክብካቤ ለሕይወታቸው ፍጻሜ ለተቃረቡ ሕሙማን በቤታቸው ወይም በተለየ ተቋም የሚሰጥበት አገልግሎት ነው። የማስታገሻ ክብካቤ ሞትን አያፋጥንም፤ ሞትንም አያዘገይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ፍቺ ይህንኑ በግልጽ አስፍሯል።

ድርጅቱ እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ ከነዚህም 25.7 ሚሊዮኑ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት ላይ የሚገኙ ናቸው። አገልግሎቱን የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በዚህ ሰፊ ክፍተት ውስጥ ከሕሙማኑ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ የምትቆየው ባለሙያ ነርስ ናት። ይሁን እንጂ ብዙዎች ይህንን ሥራ ርኅሩኅ ልብ ያላት ነርስ በትርፍ ጊዜዋ የምትፈጽመው በጎ አድራጎት አድርገው ይመለከቱታል። ርኅራኄ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን የሞርፊንን መጠን አስልቶ አይሰጥም። የማስታገሻ ክብካቤ እንደ ማዋለድ ወይም እንደ ማደንዘዣ ሙያ ሁሉ በትምህርት የሚገኝ፣ በልምምድ የሚዳብርና ደረጃ በደረጃ የሚያድጉበት የነርስ ሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንን ከነማስረጃው ማሳየት ነው።

የሙያው አመጣጥ

የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች የሚባሉት እንግሊዛዊቷ ዶክተር ሲሲሊ ሳንደርስ ሙያቸውን የጀመሩት በነርስነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተከታትለው ከተመረቁ በኋላ የጀርባ ሕመም ሥራውን ስላላስቻላቸው ወደ ሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ተዛወሩ። በመጨረሻም ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን ችግር በጥልቀት ለመፍታት ሲሉ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1957 ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈቱ። ለሙያው ያበረከቱት ትልቁ ዕውቀት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሞርፊን ሕመሙ ከተቀሰቀሰ በኋላ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ በአፍ ሲሰጥ ሕመምተኛው ሳይሠቃይና አእምሮው ሳይደነዝዝ ሊኖር እንደሚችል ማሳየታቸው ነው። ሁለተኛው ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የስሜት፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን ማስተማራቸው ነው።

በአሜሪካም የሆስፒስ አገልግሎትን ያስጀመሩት ነርስ ናቸው። በየል ዩኒቨርሲቲ የነርሶች ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ፍሎረንስ ዋልድ ኃላፊነታቸውን ትተው የእንግሊዙን ልምድ ካጠኑ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 የኮነቲከት ሆስፒስን መሠረቱ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆስፒስ እ.ኤ.አ. በ1979 በዚምባብዌ የተቋቋመው አይላንድ ሆስፒስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው የኡጋንዳው ሆስፒስ አፍሪካ ደግሞ በዱቄት መልክ የሚገባውን ሞርፊን በአገር ውስጥ በጥብጦ በአፍ የሚወሰድ ርካሽ ፈሳሽ በማዘጋጀት ለአህጉሩ ምሳሌ ሆኗል። ከዚህም በተጨማሪ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጓን አሻሽላ በማስታገሻ ክብካቤ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር የሚኖር ሕመምተኛ ከሥቃይ ሊገላገል የቻለው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያም ጅምሩ ከነርስ እጅ የወጣ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው በአንዲት ነርስ ተነሣሽነት ሲሆን ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳትን ዋና ሥራው አድርጎ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ጤና ጉባኤ አባል አገሮች የማስታገሻ ክብካቤን በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ብሔራዊ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አወጣ። በመሆኑም ዛሬ በዚህ ዘርፍ ልትሠማራ የምትፈልግ ነርስ የምትገባበት መስክ ከሃያ ዓመት በፊት እንደነበረው ባዶ አይደለም።

ሙያው የሚጠይቃቸው ክህሎቶች

1ኛ. ሕመምን መለካትና ማስታገሥ

የሥራው መጀመሪያ የሕመምተኛውን ቃል ማመን ነው። ሕመምን ከታማሚው በላይ የሚያውቀው የለም። የሙቀት መለኪያ እንዳለ ሁሉ ለሕመምም ቀላል መለኪያ አለ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው የእጅ ጣቶች ይበቃሉ፤ የተጨበጠ እጅ ሕመም አለመኖሩን፣ የተዘረጉ አምስት ጣቶች ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም የሚባለውን ሕመም ያመለክታሉ። ነርሷ ሕመሙ የት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያባብሰውና ምን እንደሚያቀልለው፣ እንቅልፍ መንሣት አለመንሣቱን ጠይቃ በካርዱ ላይ ታሰፍራለች። በካርድ ላይ ያልተጻፈ ሕመም ለቀጣዩ ተረኛ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሦስት ደረጃ መሰላል ከፓራሲታሞልና ከአይቡፕሮፌን ተነሥቶ በኮዴይን በኩል ወደ ሞርፊን የሚወጣ ነው። በ2018 የተሻሻለው መመሪያ ግን መሰላሉ ለማስተማሪያነት እንጂ እያንዳንዱን እርከን የግድ ለመርገጥ አለመሆኑን አስረድቷል። ሕመሙ ገና ሲጀመር ብርቱ ከሆነ በብርቱ መድኃኒት መጀመር ይገባል። ከላይ የተጠቀሱት እናት አራት ወይም አምስት ጣት የሚያሳዩ ከሆነ በፓራሲታሞል ብቻ ማቆየት ሕክምና ሊባል አይችልም።

ሐኪሙ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን 5 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ አዘዘላቸው እንበል። ይህ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ መድኃኒት ላልወሰደ አዋቂ የተለመደ መነሻ ሲሆን፣ ለአረጋውያንና በጣም ለደከሙ ሕሙማን በ2.5 ሚሊ ግራም መጀመር ይመረጣል። የኩላሊት ድካም ካለም መጠኑን መቀነስ ወይም ሰዓቱን ማራራቅ ያስፈልጋል። ነርሷ ሰዓቱን ስትጽፍ ቤተሰቡ በሚቆጥርበት የኢትዮጵያ ሰዓት መጻፍ አለባት፦ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት። የመኝታው መጠን እጥፍ ከሆነ ታማሚዋን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መቀስቀስ አያስፈልግም። በመሐል ሕመሙ ከተቀሰቀሰ አንድ ተጨማሪ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ይህም የሚቀጥለውን መደበኛ መጠን አያስቀርም።

በማግሥቱ ነርሷ መዝገቡን ስትመለከት ታማሚዋ ከመደበኛው 30 ሚሊ ግራም በላይ አራት ጊዜ ተጨማሪ፣ ማለትም 20 ሚሊ ግራም ወስደው አገኘች። በቀን የወሰዱት ጠቅላላ መጠን 50 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ለ6 ሲካፈል 8 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። ሐኪሙ አዲሱን የየ4 ሰዓት መጠን የሚወስነው በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ግን ነርሷ ቤተሰቡን እያንዳንዱን መጠን እንዲመዘግብ ካስተማረች ብቻ ነው። የጠርሙሱንም ጽሑፍ ማንበብ የግድ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘውን 10 ሚሊ ግራም ከያዘው ጋር ማምታታት የዐሥር እጥፍ ስሕተት ያስከትላልና።

ሞርፊን የጀመረ ሰው ሁሉ የሆድ ማለስለሻ፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሊታዘዝለት ይገባል፤ ድርቀቱ ጊዜ እየቆየ ሲሄድ አይለቅምና። ማቅለሽለሽና መጫጫን ቢኖሩም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀላሉ፤ ለማቅለሽለሹ ሜቶክሎፕራማይድ ወይም ሃሎፔሪዶል ይረዳል። ባለሙያዎችም ሳይቀሩ የሚፈሩት ሱስንና የትንፋሽ መድከምን ነው። ለካንሰር ሕመም በተገቢው መጠንና ክትትል የተሰጠ ሞርፊን ሱሰኛ የማድረግ ዕድሉ አነስተኛ ነው። የትንፋሽ መድከምም መጠኑ በትንሹ ተጀምሮ በሕመሙ ልክ ደረጃ በደረጃ ከጨመረ እምብዛም አያጋጥምም። ይሁን እንጂ ታማሚው ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበና ትንፋሹ ከዘገየ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ለሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል። ፍርሃትን የሚያርቀው ይህንን ለይቶ ማወቅ ነው።

2ኛ. ሌሎች የሥቃይ ምልክቶችን መቆጣጠር

የቁስል ሽታ ሰውን ገና በሕይወት ሳለ ከማኅበራዊ ኑሮ ያገልላል። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ በቀስታ ታጥቦ፣ በደንብ የተፈጨ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተነስንሶበት፣ በማይጣበቅ ንጹሕ ጨርቅ ቢሸፈንና ይህ በየቀኑ ቢደገም ሽታው በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። በምሳሌው የተጠቀሱት እናት ጎረቤቶቻቸውን ለቡና መልሰው የሚጠሩት በዚህ ቀላል ሕክምና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውጤት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ለታማሚዋ ግን ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መድረቅና መቁሰል፣ የመኝታ ቁስል፣ ትውኪያና የአእምሮ መሳት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክንያትና አያያዝ አላቸው። ነርሷ በየጉብኝቱ እነዚህን አንድ በአንድ መጠየቅ ይኖርባታል፤ ብዙ ሕሙማን ካልተጠየቁ አይናገሩምና።

3ኛ. እውነትን መናገር

ከሁሉ የሚከብደው የሥራው ክፍል ይህ ነው። የታማሚዋ ልጅ ነርሷን ከበር ላይ ተቀብሎ «ሲስተር፣ እባክዎን በሽታው ምን እንደሆነ ለእማዬ እንዳይነግሯት፤ ከሰማች ያን ዕለት ትሞትብናለች» ቢላት ምን ትመልሳለች? «መብታቸው ነው፣ እነግራቸዋለሁ» ማለት ቤተሰቡን ያስቆጣል፤ በሩንም ይዘጋል። «እሺ፣ አልነግራቸውም» ማለት ደግሞ ታማሚዋ በጠየቁ ጊዜ ወደ ውሸት ይመራል። ልምድ ያላት ነርስ «ወንድሜ፣ እናትህን እንደምትወድ አያለሁ። ሳይጠይቁኝ አላስጨንቃቸውም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም። ምን እንደሚያውቁ አብረን እንስማቸው» ብላ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ታማሚዋ ቀድመው ያውቃሉ፤ ልጁን ላለማስጨነቅ እርሳቸውም ደብቀዋል። ሁለቱም ለየብቻቸው ያለቅሳሉ።

መጥፎ ዜናን ለመንገር እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውና በካንሰር ሕክምና በስፋት የሚሠራበት ባለስድስት ደረጃ አካሄድ አለ። ቦታንና ሰዎችን ማዘጋጀት፣ ታማሚው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መረዳት፣ በቀላል ቃል ጥቂት በጥቂት መንገር፣ ስሜቱን መቀበልና የወደፊቱን አብሮ ማቀድ ናቸው። የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የመርዶ ሥርዓት ክፉ ወሬ ለብቻው ላለ ሰው በድንገት እንዳይነገር፣ ቅርብ ዘመድ አስቀድሞ እንዲሰበሰብ፣ ተናጋሪው እንዲመረጥ፣ ከተነገረም በኋላ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይተው ያዝዛል። ቀድሞ ማዘጋጀት፣ አለመቸኮልና አለመሸሽ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ልዩነቱ መርዶ ሌላው ከሞተ በኋላ ለቀሪው የሚነገር ሲሆን፣ ይህ ግን ለራሱ ለባለጉዳዩ የሚነገር መሆኑ ነው። ታማሚው ሁኔታውን ማወቁ ኑዛዜ እንዲናዘዝ፣ የተጣላውን እንዲታረቅ፣ ክርስቲያን ከሆነ የነፍስ አባቱን፣ ሙስሊም ከሆነ የሃይማኖት አባቱን እንዲያስጠራ ጊዜ ይሰጠዋል።

4ኛ. የመጨረሻዎቹ ቀናትና ከዚያ በኋላ

ሕመምተኛው ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው፣ ምግብና መጠጥ ሲተው፣ አብዛኛውን ሰዓት ሲያንቀላፋ፣ እጅና እግሩ ሲቀዘቅዝ፣ ትንፋሹ እየቆመ ሲቀጥል ሞት መቅረቡን ነርሷ ትረዳለች። በዚህ ጊዜ አላስፈላጊ መድኃኒቶች በሐኪም ውሳኔ ይቋረጣሉ፤ የሕመም ማስታገሻው ግን አይቋረጥም። መዋጥ ካልተቻለ በቀጭን መርፌ ከቆዳ ሥር ሊሰጥ ይችላል፤ መጠኑ በአፍ ከሚሰጠው ስለሚያንስ እንደገና ይሰላል። በጉሮሮ የሚሰማው የማንኮራፋት ድምፅ ቤተሰቡን ያስደነግጣል፤ በጎን ማስተኛት ይረዳል፣ ሃዮሲንም ሊታዘዝ ይችላል። አፍን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ልጆች ሊያደርጉት የሚችሉት ታላቅ አገልግሎት ነው። ቤተሰቡ «በረኃብ ሞተብን» ብሎ እንዳይጸጸት፣ ሰውየው የሚሞተው ስላልበላ ሳይሆን የማይበላው ወደ ሞት ስለተቃረበ መሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ሥራው በቀብር አያበቃም። እድርና ለቅሶ ቤት ቤተሰቡን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደግፉታል፤ ሰው ከተበተነ በኋላ ግን አስታማሚው ብቻውን ይቀራል። በአርባው ገደማ የሚደረግ አንድ ጉብኝት ወይም የስልክ ጥሪ እንቅልፍና ምግብ ያጣውን፣ ራሱን የሚወቅሰውን ሰው ለይቶ ወደ እርዳታ ለመምራት ያስችላል።

የሙያ ዕድገት መንገድ

የመጀመሪያው እርከን ጠንካራ አጠቃላይ ልምድ ነው። ወደዚህ ዘርፍ የምትገባ ነርስ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በካንሰር ወይም በኤች አይ ቪ ክፍል ጥቂት ዓመታት ብትሠራ ይመረጣል። በቤት ለቤት ጉብኝት ላይ አጠገቧ ሐኪምም ላቦራቶሪም የለም፤ የደም መፍሰስን፣ የአንጀት መዘጋትን ወይም የጀርባ አከርካሪ ነርቭ መጨፍለቅን በዓይኗና በእጇ መለየት ይኖርባታል። ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበረ በሽታቸው ሥር ሰዶ የሚመጡ ሕሙማንን መርዳት ለአገሪቱ ነርሶች እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው እርከን የመግቢያ ሥልጠና ነው። አጫጭር ሥልጠናዎች ስለ ሕመም ልኬት፣ ስለ ሞርፊን አጠቃቀምና ስለ ንግግር ክህሎት መሠረት ያስጨብጣሉ። ሥልጠናው ፍሬ ማፍራቱ የሚታወቀው በምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ነርሷ ወደ ክፍሏ ስትመለስ በሚታየው ለውጥ ነው። በየፈረቃው የሕመም መጠን መመዝገብ ከተጀመረና ሞርፊን የሚወስድ ሁሉ የሆድ ማለስለሻ ካገኘ ሥልጠናው ሠርቷል።

ሦስተኛው እርከን ልምድ ካላት ባለሙያ ሥር ሆኖ መለማመድ ነው። ዝም ማለትን፣ ሲለቀስ አለመሸሽን፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሚገኙ አምስት ዘመዶች መካከል ውሳኔ ሰጪው ማን እንደሆነ መለየትን መጽሐፍ አያስተምርም። በዚህ ደረጃ ነርሷ የአገሯን ሕግና የተቋሟን ደንብም ጠንቅቃ ማወቅ አለባት። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚወጣና በጥብቅ ቁጥጥር የሚያዝ መድኃኒት ነው፤ በኡጋንዳ ለሠለጠኑ ነርሶች የተፈቀደው በሌላ አገር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የተረፈው መድኃኒት ከሞት በኋላ በቤት እንዳይቀር መከታተልም የሥራዋ አካል ነው።

አራተኛው እርከን መደበኛ የሙያ ማዕረግ ነው። በካምፓላ የሚገኘው የሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የትምህርት ተቋም ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በማስታገሻ ክብካቤ በዲግሪ ደረጃ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ነርሶችም ተምረውበታል። በአሜሪካ በነርስነት የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የተመዘገበ ነርስ ፈቃድ ካላቸው በዘርፉ ባለፉት 12 ወራት 500 ሰዓት ወይም ባለፉት 24 ወራት 1000 ሰዓት ሠርተው ለብሔራዊ የሆስፒስና የማስታገሻ ነርስነት የብቃት ማረጋገጫ ፈተና መቀመጥ ይችላሉ። በዚያ አገር የሆስፒስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ በአረጋውያን የጤና መድን ውስጥ የተካተተ ሲሆን ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ይቀራቸዋል ተብለው በሐኪም ለተመሰከረላቸው ሕሙማን ይሰጣል። የታማሚውን ጠቅላላ ክብካቤ የምታስተባብረውም ነርስ ናት። እዚያ የተገኘ ልምድ ወደ አገር ቤት በማስተማርና በሥልጠና ሊመለስ የሚችል ሀብት ነው።

አምስተኛው እርከን መምራት፣ ማስተማርና መመርመር ነው። በዚህ ደረጃ ያለች ባለሙያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ታሠለጥናለች፣ ለሆስፒታሏ የማስታገሻ ቡድን ታቋቁማለች፣ መረጃም ትይዛለች። ስንት ሕሙማን እንደታዩ፣ የሕመም መጠናቸው በመጀመሪያው ቀንና ከ48 ሰዓት በኋላ ስንት እንደነበረ፣ ሞርፊን ስንት ቀን እንደተቋረጠ የሚያሳይ አንድ ገጽ መዝገብ ለአስተዳደር ከብዙ አቤቱታ የበለጠ ያስረዳል።

የሥራው ፈተናዎች

በዚህ ሙያ የምትሠማራ ነርስ ሦስት ፈተናዎች ያጋጥሟታል። አንደኛው የአደረጃጀት ነው። በብዙ ተቋማት የማስታገሻ ክብካቤ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ሆኖ ስላልተለየ የሠለጠነችው ነርስ ከጥቂት ወራት በኋላ በዝውውር ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች፤ ዕውቀቱም አብሯት ይሄዳል። ኃላፊዎች የማዋለጃ ክፍል አዋላጅ እንደማይታጣለት ሁሉ ለዚህም ቋሚ ባለሙያ ሊመድቡ ይገባል።

ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ሞርፊን ሲቋረጥ ታማሚው ወደ ቀድሞ ሥቃዩ ከመመለሱም በላይ መድኃኒቱ በድንገት በመቅረቱ ሰውነቱ ይረበሻል። ስለዚህ ነርሷ ከፋርማሲ ባለሙያው ጋር በየወሩ የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድማ ማስላትና ክምችቱ ሳያልቅ ማሳወቅ ይኖርባታል።

ሦስተኛው የራሷ የባለሙያዋ ድካም ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ሰው የሚሞትባት ነርስ ሐዘን የላትም ማለት አይቻልም። አንዳንዷ ልቧን ታደነድናለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ከደመወዟ እያዋጣች፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ እየመለሰች ራሷን ትጨርሳለች። ሁለቱም ከሥራው ያስወጣሉ። ቡድኑ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጦ የሞቱትን በስም እያነሣ ቢነጋገር፣ የሌሊት ጥሪ በተራ ቢሆን፣ የገንዘብ ችግር ያለበትንም ቤተሰብ ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወይም ለእድሩ ማስተላለፍ ቢለመድ ነርሷ በሥራዋ ለረጅም ዓመታት ልትቆይ ትችላለች።

ማጠቃለያ

በመግቢያው የተጠቀሱት እናት ከበሽታቸው አይድኑም። ነገር ግን በሙያው የሠለጠነች አንዲት ነርስ ቤታቸው ብትገባ ከቀናት በኋላ ሌሊቱን ይተኛሉ፤ የቁስላቸው ሽታ ይጠፋል፤ ልጃቸው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየሰጠ ይመዘግባል፤ እናትና ልጅም ለየብቻ የደበቁትን አብረው ይነጋገራሉ። ይህን ሁሉ ያስገኘው የ4 ሰዓት ልዩነትን የምታውቅ፣ መጠን የምታሰላ፣ ቁስል የምታጥብና የሚጠየቀውን ጥያቄ የማትሸሽ ባለሙያ መኖሯ ነው።

ስለሆነም የነርስ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ዘርፍ በቂ የትምህርትና የተግባር ሰዓት እንዲመድቡ፣ የሆስፒታል ኃላፊዎች የሠለጠኑ ነርሶችን በቦታቸው እንዲያጸኑ፣ ሐኪሞችም ከነርሶች የሚመጣውን የሕመም ልኬት እንደ ማናቸውም የምርመራ ውጤት ተቀብለው እርምጃ እንዲወስዱ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን «የምናደርግላቸው ነገር የለም» የሚለው ቃል ከስንብት ንግግር ውስጥ ይውጣ። በምትኩ ታማሚው ሲሰናበት የነርሷ ስም፣ የጉብኝቷ ቀንና የመድኃኒቱ ሰዓት ተጽፎ ይሰጠው።